ዜናቡ ድንጋዩን ስታንኳኳ

ዜናቡ ቶዌ ፈሪ ናት። ይህ ስድብ አይደለም፤ ራሷም ለጠየቃት ሁሉ ሳታፍር የምትናገረው ነው። በዋጋዱጉ ምዕራብ ዳር፣ ጥቁር ድንጋይ ከሚፈለጥበት ትልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው ጠጠር ከሚቀጠቅጡት ሴቶች መካከል እንደ እሷ የሚፈራ የለም። ሰማይ ሲያጉረመርም ትፈራለች፤ ዝም ሲልም ምን አስቦ ነው ብላ ትፈራለች። ወንዶቹ ወደ ታች ሲወርዱ ጀርባ ጀርባቸውን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ሲወጡ ደግሞ ማን እንደቀረ በዓይኗ ትፈልጋለች። ይህ ፍርሃቷ ለጉድጓዱ ሰው ሁሉ መሳቂያ ነበር። አሁን የሚስቅባት የለም፤ ሳቁ እንዴት እንደቆመ ለመናገር ግን ከመዶሻዎቹ መጀመር ይሻላል።

መዶሻ ሲባል አንድ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው እዚያ ጉድጓድ አልወረደም። ታች ወለሉ ላይ የሚሠሩት ወንዶች ትልቁን ይይዛሉ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት የተቆረጠ ራስ ያለው፣ ሁለት እጅና ሙሉ ወገብ የሚጠይቅ ነው። አለቱ ላይ አሮጌ ጎማ ሲቃጠል አድሮ ድንጋዩ ከደከመ በኋላ፣ ያ መዶሻ ከራስ በላይ ተነስቶ ሲያርፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች መቀመጫቸው ድረስ ይሰማቸዋል። እጀታው አጠር ያለው ደግሞ ሽብልቅ መምቻ ነው። አለቱ በተሰነጠቀበት መስመር የብረት ሽብልቅ ይተከልና በእሱ እየተመታ ይገባል። ይኼኛው ከጉልበት ይልቅ ዓይን ይፈልጋል፤ የሳተ ሰው የሚያጣው የገዛ ጣቱን ነው። የተፈለጠው ድንጋይ በሴቶች ራስ ተጭኖ ሲወጣ፣ በመካከለኛው መዶሻ ቡጢ እስኪያክል ድረስ ይሰባበራል። ከዚያ የትንሹ ተራ ይመጣል። በአንድ እጅ የሚያዝ ነው፤ ፊቱ ከመቀጥቀጥ ብዛት ዱልዱም ሆኗል። ሴቶቹ ድንጋዩን እንዳይፈናጠር በጎማ ቀለበት ይከቡትና ጠጠር እስኪሆን በትንሹ ይወቁታል። የዋጋዱጉ ግንብ ቤት ሁሉ ከዚያ የወጣ ነው፤ የግንብ ቤት ባለቤቶች ግን በዚያ ሲያልፉ አቧራው እንዳይገባባቸው የመኪናቸውን መስኮት ነው የሚዘጉት።

ዜናቡ የምትኖርበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ጨርቅ ደብዳቢዎች አሉ። ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ቀለም የተነከረ ጨርቅ በግንድ ላይ ተዘርግቶ፣ እንደ ጭን የወፈረ የእንጨት መዶሻ ይዘው ተራ በተራ ይመታሉ። ጨርቁ በመጨረሻ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ጎረቤቱ ሁሉ በጩኸቱ ይማረራል፤ እሷን ግን ያስተኛታል። የእንጨት መዶሻ ሰው ገድሎ አያውቅም ትላለች።

ፍርሃቷ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እሷና ባሏ ላሲና ከሳሞ ሕዝብ ናቸው፤ ከቱጋን አካባቢ ካለ መንደር አንድ ላይ ነው የመጡት። ላሲና ታች በትልቁ መዶሻ ሲሠራ እሷ ላይ በትንሹ ትቀጠቅጥ ነበር። አንድ ቀን፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ምሳውን ልታቀብለው ወረደች። እሷ ቆማ ሳለ ላሲና አለቱን መታው። ድምፁ የሌላ ቀን ድምፅ አልነበረም። ድንጋይ ሲመታ ይጮኻል፤ ያን ቀን ግን ባዶ እንስራ በጣት ሲንኳኳ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የሰማችው። ጆሮዋ ያዘው፤ ትርጉሙን ግን ማን ነግሯት! ሳህኑን አቀብላው ወጣች። ቦታዋ ላይ ተቀምጣ መዶሻዋን ሳታነሳ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳው ተደረመሰ፣ ላሲናም ከእነ ምሳው ከሥሩ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። ውኃ ስትቀዳ ጋኑን ለመንካት እስክትፈራ ድረስ ሄደች።

በላሲና ለቅሶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ እንድታገኝ ያደረጋት ኩሊጋ ነው። ኩሊጋ ከሞሲ ሕዝብ ነው፤ ታች ከላሲና ጎን ይሠራ የነበረ፣ ቁመቱ የመብራት ምሰሶ፣ ድምፁ የጋማ ከብት ገበያ። ሞሲና ሳሞ ሲገናኙ መሰዳደብ ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ነገር ነው። ሞሲው ሳሞውን አሽከሬ ይለዋል፣ ሳሞው ሞሲውን አሽከሬ ይለዋል፤ አንዱ የሌላውን ዶሮ አንስቶ ቢሄድ እንኳ ሌባ ተብሎ አይከሰስም። የተቆጣ ሰው ነው የሚዋረደው። ለቅሶም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ እንዲያውም ያኔ ይብሳል። ኩሊጋ የሟቹን ሸሚዝ ለብሶ፣ እንደ ላሲና ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ለቀስተኛው መካከል ገባና ዜናቡ ፊት ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምሳዬን አልጨረስኩም እኮ! የቀረውን የት አደረግሽው? ለዚህ ለሞሲው አሽከሬ ሰጠሽው አይደል?»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ዜናቡ ግን እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ ሳቀች። ለቅሶው ሲያበቃ ኩሊጋ ከፍርስራሹ ያወጣውን የላሲናን ትልቅ መዶሻ ራስ ወደ አንጥረኛ ወሰደው፤ አስቆርጦና አስቀጥቅጦ ትንሽ መዶሻ አሠራው። እጀታውን ራሱ ጠርቦ አመጣላት። «እንቺ፤ ባልሽ አሁንም ሥራ እንዳይፈታ» አላት። ከዚያ ወዲህ ዜናቡ ሌላ መዶሻ ይዛ አታውቅም።

በዚያች መዶሻ ጠጠር ብቻ አይደለም የምትሠራው። በየማለዳው፣ ወንዶቹ ሳይወርዱ፣ ብቻዋን ትወርድና ግድግዳውን እያንኳኳች ትዞራለች። ትመታለች፤ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ትሄዳለች፤ ደግማ ትመታለች። ጤነኛ አለት ጥርት አድርጎ ይመልሳል። ላብ በጀርባዋ እየወረደ ነው የምትጨርሰው። ማንም ይህን አድርጊ አላላትም፤ ማንም አላመሰገናትም። ወንዶቹ ከላይ ሆነው ይቀልዱባት ነበር።

«ዜናቡ! ማን አለ ውስጥ?»

«ከፈቱልሽ ወይ?»

«የቤቱ ሰዎች የሉም! ገበያ ሄደዋል!»

ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ኩሊጋ ነበር። እሷም ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «ቆብ ላጠለቀ ሹም ሁሉ መሬት ላይ የምትደፋ አሽከሬ፣ አንተን ሊገዛ የመጣ ጌታ አለ፣ ና ውረድ!» ትለዋለች። እሱም ሞሲ ሁሉ ሳሞን ውሻ በላ እያለ እንደሚሰድበው «የውሻ ራስ በላተኛ! ዛሬ የማንን ውሻ ቀቀልሽ?» ይላታል። ቀኑ በዚህ ይጀመራል።

አንድ በጋ ላይ ግን ነገሩን አበዙት። ዜናቡ ከላይ ሆና አንድ እፍኝ ጠጠር ኩሊጋ ራስ ላይ ለቀቀችና «ተናደ!» ብላ ጮኸች። ኩሊጋ መዶሻውን ጥሎ፣ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ፣ እግሬ አውጪኝ አለ። ላይ ሲደርስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነበር። ጉድጓዱ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሚስቱ ቲፖኮ እንኳ ከሳቅ ብዛት ወደ ጎን ወደቀች። እሱም ቂሙን አልረሳም። ከሳምንታት በኋላ ገላውን አመድ ነስንሶ፣ ከአንድ ድንጋይ ሥር ግማሽ ተቀብሮ፣ ምላሱን አውጥቶ ተኛላት። ዜናቡ ባየችው ጊዜ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትነቃ ፊቷ ላይ ውኃ የሚረጨው ያው «ሟች» ኩሊጋ ነበር። ያኔ እሷም ሳቀች፤ ግን ማታ ቤቷ ገብታ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ ቆየች። እንዲህ ያለ ጨዋታ ውሎ አድሮ ምን እንደሚበላ ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም።

ነገሩ የመጣው አርብ ቀን ነው። ረቡዕ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ መሬቱ ገና ይሸታል። ሐሙስ ማታ ወንዶቹ ትልቁ አለት ላይ ጎማ አቃጥለው አደሩ። ክረምቱ ገብቶ ጉድጓዱን ውኃ ሳይሞላው ያን አለት ፈልጦ ማውጣት የሁሉም ሐሳብ ነበር፤ ሴቶቹ ክረምቱን የሚቀጠቅጡት ድንጋይ እሱ ነው። በማግስቱ ቀትር ላይ ወንዶቹ ለአርብ ስግደት ወደ መስጊድ ሄዱ። ኩሊጋ ግን ዶሎ ጠጪ ነው፤ የማሽላ ጠላውን ትቶ የሚሄድበት መስጊድ የለውም። ብቻውን ታች ቀረ።

ዜናቡ ጠዋት አንኳኩታ ነበር፤ ግድግዳውም ደህና መልሶላት ነበር። አሁን ከቲፖኮ ጎን ተቀምጣ ትቀጠቅጣለች። ከታች የኩሊጋ መዶሻ ሲወድቅ ይሰማል። ጥርት ያለ ነው። ደግሞ ይወድቃል፤ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ አንዱ ሌላ ሆነ።

ክው አለች። እጇ በአየር ላይ ቀረ።

«ቲፖኮ፣ ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«የአሁኑን ምት» አለች ለመውረድ እየተነሳች።

«ባሌ ነው፤ ሲርበው እንዲያ ነው የሚመታው። ይኸው ውኃውን፣ እግረ መንገድሽን አቀብይልኝ» አለችና ቲፖኮ የማሽላ ዱቄት የተበጠበጠበትን ውኃ በቅል ሰጠቻት።

ዜናቡ ቅሉን በአንድ እጇ፣ ትንሿን መዶሻ በሌላው ይዛ ወረደች። ኩሊጋ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሽብልቅ ይመታል። ግድግዳው ከራሱ በላይ እንደ ቤት ክዳን ወደ ፊት ገፋ ብሎ ነው የቆመው። ቅሉን መሬት አስቀምጣ ግድግዳውን መታች። እንስራው መለሰላት። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳ መታች፤ አሁንም እንስራው ነው። ከላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ሽርር ብሎ አንገቷ ሥር ገባ።

«ኩሊጋ፣ ውጣ።»

«ከፈቱልሽ እንዴ?» አለ ቀና ሳይል።

«ኩሊጋ፣ የምሬን ነው። ድንጋዩ ባዶ ነው። ላሲና የሞተ ቀን የሰማሁት ነው። ውጣ።»

ቀና ብሎ አያት። ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘረጋ። «ሱሪዬን አጥብቄ አስሬያለሁ፤ ዛሬ አይወልቅልሽም።»

«በላሲና ሞት! በተቀበረበት አፈር!»

«ላሲና? እሱ ምሳውን ሊጨርስ እየመጣ ነው፤ ትንሽ ጠብቂው» አለና ቀኝ እግሩን እየጎተተ በድንጋዩ ዙሪያ ዞረ።

እንባዋ መጣ። እሱም ወዲያው ፊቱን አጨማዶ፣ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ፣ «እህህህ! አሽከሬ ሊሞትብኝ ነው! ማን ይሸከምልኛል!» እያለ አለቀሰላት። የምትምልበት ሁሉ አንድ ቀን ተቀልዶበታል። ባሏ ተቀልዶበታል፣ መቃብሩ ተቀልዶበታል፣ እንባዋ ተቀልዶበታል፣ «ተናደ» የሚለው ቃል ራሱ የእሷ ቀልድ ነበር። ይህን ሰው የሚያስወጣው አንድ ቃል ፈለገች፤ አጣች። ከድንጋዩም በላይ ያስፈራት ይህ ነው።

እጁን ይዛ ጎተተችው። ሳቀና እንደ ሕፃን አስለቀቃት። ወደ ላይ እየሮጠች «ቲፖኮ! ጥሪው! ባልሽን ጥሪው!» አለች። ቲፖኮ መዶሻዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «ተይን እባክሽ፣ ባለፈው የሳቅሁት ጎኔን እስከ ዛሬ ያመኛል። ከፈለጋችሁ እናንተው ተጫወቱ» አለቻት። ሌሎቹ ሴቶችም ተጠቋቆሙና ሳቁ። ወንዶቹ ገና ከመስጊድ አልተመለሱም።

ከታች እንደገና ያ ድምፅ መጣ። ዜናቡን እግሯ ወደ ቤቷ ሊወስዳት ነበር፤ ሽሺ፣ ጆሮሽን ድፈኚ፣ ነግረሽዋል በቃ የሚል ነገር ነበር ውስጧ የሚጮኸው። መሸሽ ትችል ነበር፤ የሚወቅሳትም ባልኖረ። ግን ዘወር ብላ ወረደች፤ ስትወርድ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

የኩሊጋ ትልቁ መዶሻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት አዲስ እጀታ ጠርቦለት፣ ቅባት ቀብቶት፣ ለሰው ሁሉ ሲያሳይ የነበረው ነው። ዜናቡ ከግድግዳው ሥር ገባች። ወደ ላይ አላየችም። እጀታውን ጨብጣ ጎተተችና እየተንገዳገደች ዳገቱን ያዘች።

«ሌባ!» አለ ኩሊጋ ደስ ብሎት። «ሳሞ አመሉን አይተውም! ሰዎች፣ መዶሻዬን!» ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የሽብልቁ መዶሻ በእጁ ስለነበር «መሸከም ሲያቅትሽ ትመልሽዋለሽ» አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

መዶሻው ትከሻዋን ሊያወልቀው ደረሰ። በሁለት እጇ አቅፋው፣ በጉልበቷ እየገፋችው ወጣች። በጉድጓዱ አፋፍ፣ መውጫው ጋ፣ ድሮ ተቆፍሮ የተተወ ውኃ የሞላበት ጉድጓድ አለ። ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ጥልቀቱን የለካው የለም፤ የገባበት ነገር አልወጣም። እዚያ ጠርዝ ላይ ቆማ ጮኸች።

«ኩሊጋ! እዚህ ውስጥ ልጥለው ነው!»

ከታች ቀና ብሎ አያትና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «ጣዪው! ከጣልሽው ለአንቺው እጀታ ገጥሜ ነው የምሠራብሽ!»

ሴቶቹ ተንጫጩ፣ አጨበጨቡ። ጣዪው፣ ጣዪው እያሉ ዘፈን አደረጉት። ዜናቡ መዶሻውን አየችው። አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን የሚያበላበት መዶሻ ነው፤ ይህን ያህል የሚሄድ ቀልድ የለም። የሰው ዶሮ ይወሰዳል፣ ዘነዘና ይደበቃል፤ ከዚያ ይመለሳል። የማይመለስ ነገር ማንም አድርጎ አያውቅም። ወለል ብሎ የታያት ያኔ ነው። ከቀልድ ውጭ የቀረው የማይመለስ ነገር አድርጎ ኩሊጋን ከልቡ ማስቆጣት ብቻ ነበር።

ወረወረችው። ውኃው አንድ ጊዜ ጉልጭ አለና ተዘጋ።

ዘፈኑ ተቆረጠ። የኩሊጋ ፊት ተለወጠ። ያን ፊት ዜናቡ አይታው አታውቅም። የሽብልቁን መዶሻ መሬት ላይ ወርውሮ ዳገቱን በሩጫ ወጣ፤ እየወጣም ከአፉ የሚወጣው ስድብ የአያቶቹ ስድብ አልነበረም።

«አንቺ ሟርተኛ! ባልሽን በላሽ፣ አልበቃሽም፣ አሁን ደግሞ የልጆቼን ጉሮሮ ልትዘጊ! አንቺ እርጉም! አንቺ ባል በላ!»

ዜናቡ እያንዳንዱን ቃል ሰማችው፤ እያንዳንዱም ገባ። ግን «ና፣ ና፣ ሌላም በል፣ ብቻ ና» እያለች በልቧ ትለምነው ነበር። ደረሰባት። ክንዷን ጨምድዶ ያዘና ሌላውን እጁን ከራሱ በላይ አነሳ።

ከኋላው ጉድጓዱ ጮኸ። ጩኸቱን የነጎድጓድ ነው ያሉ ነበሩ፤ ዜናቡ ግን ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያቃስት ነው የመሰላት። መሬቱ ከእግራቸው ሥር ሸሸ፤ አቧራው ወጥቶ ፀሐዩን ደፈነው። አቧራው ሲቀንስ ኩሊጋ የቆመበት ቦታ አልነበረም። ሽብልቁ የለም፣ የውኃው ቅል የለም፣ የተቃጠለው አለት ራሱ የለም። ቤት ቤት የሚያክል ድንጋይ አንዱ በሌላው ላይ ተቆልሎ ነበር።

ቲፖኮ እየተደናቀፈች አፋፉ ላይ ደርሳ «ኩሊጋ! ኩሊጋ!» እያለች ፊቷን ትነጭ ጀመር። ኩሊጋ ከኋላዋ ቆሟል። አለሁ ሊላት አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ አይወጣውም። እጁ አሁንም የዜናቡን ክንድ እንደጨበጠ ነው። ዜናቡ በነፃው እጇ ቲፖኮን በትከሻዋ ይዛ አዞረቻት። ቲፖኮ ባሏን ስታይ ደግሞ ባሰባት፤ መንፈስ መስሏት ነው መሰል ጮኻ ወደኋላ ሸሸች። ከዚያ እግሩ ላይ ወደቀች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን፣ ሰው ሁሉ ደስ የሚል ነገር አድርጎ ያወራዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ክረምቱ አልፎ፣ ውኃው ተቀድቶ፣ ጉድጓዱ በሌላ በኩል ሲከፈት፣ ወንዶቹ አልወርድም አሉ። ዜናቡ ሳታንኳኳ ማንም አልወርድም አለ። በየማለዳው አፋፉ ላይ ተሰልፈው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ዝም ብለው ይጠብቋታል። እሷ ራሷን ስትነቀንቅ ይወርዳሉ። ስትነቀንቅ! ይህች ድንጋይ ሁሉ ላዩ ላይ የሚወድቅ የሚመስላት ሴት! ድሮ የምትፈራው አያምኑኝም ብላ ነበር። አሁን ያምኗታል፤ ጆሮዋ አንድ ቀን ቢሳሳት፣ ጉንፋን ቢይዛት፣ እንስራውን ሳትሰማው ብታልፍ፣ አምነው ይወርዱና ይቀራሉ። ማታ ማታ የጨርቅ ደብዳቢዎቹ የእንጨት መዶሻ እንኳ ማስተኛቱን ተወ።

ኩሊጋ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነ። ሌላ ትልቅ መዶሻ ተውሶ ይሠራል። ስታልፍ ከመቀመጫው ይነሳል። ዓይኗን አያይም።

«እንዴት አደሩ፣ እመት ዜናቡ» ይላታል።

መጀመሪያ ሲላት የሚቀልድ መስሏት የሚቀጥለውን ጠብቃ ነበር። የሚቀጥል ነገር አልነበረም። ያን ቀን ዳገት ላይ ያላት ነገር አፉን ዘግቶታል፤ ውለታውም ሌላ ድንጋይ ሆኖ ላዩ ላይ ተቀምጧል። እሷን ግን ያ «እመት» ከ«ባል በላ» ይበልጥ አቆሰላት። ላሲና ሲሞት መተንፈሻ የሰጣት ሰው አሁን እንደ ሹም ጎንበስ ይልላታል። አንድ ጠዋት ላይ አላስችል አላትና ፊቱ ቆመች።

«ስደበኝ።»

«እንዴት ብዬ?»

«እንደ ድሮህ። እንደ አባቶችህ። ኩሊጋ፣ ብቻዬን ነው የምወርደው። እናንተ ከላይ ዝም ስትሉ መቃብር የገባሁ ይመስለኛል። ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ ጆሮዬ የገዛ ልቤን ነው የሚሰማው። ስደበኝ፣ ልስማህ።»

አንገቱን ደፋ። «ያን ቀን ያልኩሽን… አልረሳሁትም» አለ በቀስታ።

«እኔም አልረሳሁትም። እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።»

ዞር ብሎ ከወንዶቹ ጎን ቆመ። ዜናቡ ትንሿን መዶሻ ይዛ ወረደች። ከላይ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ተሰለፉ። ጸጥታው ከእሷ ጋር ዳገቱን ወረደ። ታች ደርሳ አዲሱ ግድግዳ ፊት ቆመች፤ መዶሻዋን ልታነሳ ስትል እጇ ተንቀጠቀጠ። በሌላው እጇ ደግፋ ያዘችው። ያም ተንቀጠቀጠ። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ድው ድው ይላል፤ በዚህ መካከል የድንጋይ ድምፅ ማን ይለያል? አልችልም ብላ ልትወጣ ዞረች።

ያኔ ከላይ የጋማ ከብት ገበያ የሚያክለው ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ጠራ።

«አንቺ የውሻ ራስ በላተኛ! መዶሻዬን ከውኃው ስር ቀቅለሽ በላሽው ወይስ ለአማትሽ ላክሽላት? ሌባ! ምን ተገትረሽ ታያለሽ፤ አንኳኪ እንጂ፣ የቤቱ ሰው ቡና አፍልቶ ይጠብቅሻል እንዴ!»

አንድ ወንድ ፍርሃት እየተናነቀው ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ዜናቡ ወደ ላይ አላየችም። እጇን አየችው፤ ይዛ የነበረውን የባሏን ብረት አየችው። መንቀጥቀጡ አልተወውም፤ ግን ይታዘዛል።

«ዝም በል አሽከር» አለች ጮክ ብላ፣ «ልስማበት።»

ኩሊጋም ዝም አለ። ዜናቡ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ መዶሻዋን አነሳች።